ሲሶ ኪኒን

የጉልበቴን ኪኒን በምላጭ ለሦስት የከፈልሁት በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ክብ ነገርን ለሦስት እኩል መክፈል እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። አንዱ ቁራጭ ተለቅ፣ ሌላው አነስ ይላል፤ ትንሽ ዱቄትም ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ዱቄቱን በጣቴ ጠርጌ፣ ሲሶውን በተልባ በራሰ የእንጀራ ቁራሽ ጠቅልዬ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ውሻው እዚያ ተኝቶ ነበር። ሲያየኝ ሊነሣ ሞከረ፤ የፊት እግሮቹ ታዘዙት፣ የኋላዎቹ ግን እምቢ አሉት። ቁራሹን ከእጄ ተቀብሎ ሳያኝክ ዋጠው።

ውሻው የባለቤቴ ነበር። የትውልድ አገሯ አይከል ነው። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት ዘመዶቿን ጠይቃ ስትመለስ በዘንቢል ይዛው ከአውቶቡስ ወረደች። እኔ ያደግሁት በአብነት ትምህርት ቤት፣ በኋላም የኖርሁት የብራና መጻሕፍትን በመመርመርና ግእዝ በማስተማር ነው፤ ውሻ ደፍ ተሻግሮ ቤት ይገባል የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ አልነበረም። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኋት።

«ውሻ ነዋ!» አለችኝ። «አንቱ ከመጻሕፍትዎ ጋር ሲቀመጡ እኔ ከማን ጋር ልቀመጥ?»

ውሻው በረንዳው ላይ አደገ። እሷ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን እንኳ በእጄ ዳስሼው አላውቅም። ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን፤ ልጅ አልወለድንም።

አሁን የምጽፈውን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ባለቤቴ በመጨረሻዎቹ ወራት ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ብለው ወደ ቤት ሰደዷት። የሥቃይ ማስታገሻ ኪኒንም አብረው ሰጡን፤ በየስምንት ሰዓቱ አንድ። እኔም በአንድ ደብተር ላይ ሰንጠረዥ አሰመርሁ፤ በቁመት ቀኑን፣ በወርድ ሰዓቱን። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት። በሰጠኋት ቁጥር በሳጥኑ ውስጥ ምልክት አደርግ ነበር። ሰዓቱን ያሳለፍሁበት አንድም ቀን የለም። በዚህ እኮራ ነበር ማለት ይከብደኛል፤ ግን እኮራ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ «ዛሬስ ብሶብኛል፤ አንዷን አሁን ይስጡኝ» አለችኝ።

«ሁለት ሰዓት ይቀረዋል» አልኋት።

«እሺ፤ እርስዎ ካሉ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስታቃስት መስማት አልቻልሁም። ወጥቼ ወደ ቀሐ ወንዝ ወረድሁና በዳርቻው ተመላለስሁ። ልክ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ተመለስሁ። ተኝታ ነበር። ውኃና ኪኒን ይዤ ቀሰቀስኋት፤ ዐይኗን ሳትገልጥ «አሁን ይለፈኝ» አለችኝ። ተቀየመችኝ ብዬ አሰብሁ። በወሩ ዐረፈች። ያ ቃል ከእኔ ጋር ቀረ፤ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየዕለቱ ባይሆንም በየሳምንቱ እሰማው ነበር። በሰንጠረዡም ላይ ያ አንድ ሳጥን ባዶውን ቀረ።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት የውሻው ወገብ ሲይዘው፣ ጠዋት ጠዋትም ከመኝታው ለመነሣት ሲታገል ያሰማው የነበረው ድምፅ ያን ከሰዓት መልሶ አመጣብኝ። ለእሱ እንኳ አልከለክልም አልሁ። ስህተቴ የጀመረው ከክፋት ወይም ከቸልታ አልነበረም፤ ከዚህ ነው።

ኪኒኑን ሐኪም ያዘዘልኝ ለእኔው ጉልበት ነበር። ከፒያሳ ፋርማሲ ስገዛው መድኃኒት ሻጩ በማሸጊያው ላይ በሰማያዊ ብዕር «ከምግብ በኋላ» ብሎ ጽፎበታል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማልቀምስ፣ እኔ ኪኒኔን የምወስደው ከዚያ በኋላ ነው። ውሻውም የሚበላው ከእኔ የተረፈውን፣ ከእኔ በኋላ ነው። ጹም ያለው የለም፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የሚቀርብ ነገር አልነበረም። ሥቃዩ ግን ጠዋት ነው የሚብሰው። ስለዚህ የእሱን ኪኒን ጠዋት በአንዲት ቁራሽ ጠቅልዬ እሰጠው ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆዱ ባዶ ነው። የሰማያዊው ብዕር ጽሑፍ ለእኔ ብቻ የተጻፈ መስሎኝ ነበር።

መጠኑን ግን አስቤበታለሁ። ክብደቱ የእኔ ሲሶ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ለእሱ ሲሶ ኪኒን ይበቃዋል ብዬ ወሰንሁ። ያንኑ የድሮውን ደብተር አወጣሁና ከእሷ ገጾች ቀጥሎ ባለው ባዶ ገጽ አዲስ ሰንጠረዥ አሰመርሁ።

ሐኪም ዘንድ ልውሰደው አላልሁም። በእኛ ዘንድ የእንስሳት ሐኪም የሚባለው ለበሬና ለበቅሎ ነው። በሰፈራችን ደግሞ የተረፈ ኪኒን ክብሪትና ጨው እንደሚዞረው ሁሉ ከቤት ቤት ይዞራል። የራስ ምታት ያለበት ከጎረቤት ይጠይቃል፤ የተሻለው የተረፈውን ላልተሻለው ይሰጣል። ይህን ደግነት እንጂ ሌላ ስም ሲሰጠው ሰምቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ውሻው ብቻውን ተነሣ። በአምስተኛው ቀን እስከ አጥሩ በር ድረስ ሄዶ በባጃጅ ላይ ጮኸ። ከተቀመጥሁበት ሆኜ ሳየው ደስ አለኝ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ባይኖርም ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ አየችው። በእድሜ የምትቀራረበኝ፣ ባሏ የሞተባት፣ የባለቤቴ የቅርብ ወዳጅ የነበረች ሴት ናት። ከባለቤቴ ተዝካር በኋላ ቤቷ ገብቼ አላውቅም፤ እሷ ግን ከአጥሩ ማዶ መናገሩን አልተወችም።

«መምህር! ይህ ውሻ ምን በልቶ ነው እንደ ቡችላ የሚዘለው?»

«መድኃኒት።»

«የማን መድኃኒት?»

«የእኔ።»

«ታዲያ እርስዎ ምነው አይዘሉ?»

ሳቅሁ መሰለኝ። ድመቴ አርጅታ ታነክሳለች፤ ለእሷም ትንሽ ይስጡኝ አለችኝ። አራት ኪኒን ቆርጬ በአጥሩ ላይ አቀበልኋትና፣ «ድመት ቀላል ናት፤ አንዱን ለዐሥራ ስድስት ከፍለው አንዱን እጅ ብቻ ይስጧት» አልኋት።

«ዐሥራ ስድስተኛውንስ በምን ዐይኔ ላየው ነው?» ብላ ይዛው ገባች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲሶው መሥራቱን አቆመ። ግማሽ አደረግሁት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሙሉ ሰጠሁት። እያንዳንዱን በደብተሬ መዘገብሁ። የደብረ ዘይት ሳምንት ሲገባ ውሻው ምግብ ተወ። ያቀረብሁለትን ሽሮ አሽትቶ አንገቱን መለሰ። በማግሥቱ አስመለሰው። ከጓሮ ያገኘሁት ዐይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ነበር። አመድ በተንሁበትና በአካፋ አንሥቼ ቀበርሁት። ማንም ሳያየኝ ነው ያደረግሁት፤ የሚያየኝ ሰው ግን ቀድሞም በግቢው አልነበረም። ምን እንደ ሆነ ገባኝ ማለት አልችልም፤ ፈጽሞ አልገባኝም ብልም እዋሻለሁ።

በዚያው ጠዋት በባለቤቴ አሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ባጃጅ ላይ ጫንሁትና ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድሁት። በግቢው ውስጥ ሰዎች በሬና ፍየል ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ከአጠገቤ ከአይከል አካባቢ በቅሎ እየሳበ የመጣ ገበሬ ተቀምጧል። ጋቢውን አየ፣ ከጋቢው የወጣውን አፍንጫ አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«አያ፣ በጉስ የት አለ?»

«የምን በግ?»

«ይህ የሚጠብቀው ነዋ! እረኛውን በባጃጅ አምጥተው መንጋውን ረሱት?»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ጋቢውን አስተካከልሁ። ገበሬው ጎንበስ አለና ውሻውን አየው፤ ድምፁ ተለወጠ። «ምነው፣ ምን ነካው?»

«አርጅቷል።»

«ማርጀትስ እኛም አረጀን፤ በጋቢ የሚያቅፈን ጠፋ እንጂ» አለና ተራውን ለቀቀልኝ። «ይግቡ፤ የበቅሎዬ ሰኮና ይታገሣል።»

ሐኪሟ ቦት ጫማ ያደረገች ወጣት ሴት ናት። ውሻውን በጠረጴዛው ላይ አጋድመን መጠየቅ ጀመረች።

«ዕድሜው ስንት ነው፣ አባቴ?»

«ዐሥራ ሦስት።»

«ምን ይበላል?»

«የቤቱን። አሁን ጾም ነው፤ ሽሮና ተልባ።»

«ምኑን ነው የሚያመው?»

«የኋላ እግሮቹን። ምግብም ትቷል።»

«መድኃኒት ነገር ሰጥተውታል?»

«የለም» አልሁ።

ያን ቃል ስናገር ራሴን ሰማሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼ በመጽሐፉ ላይ የሌለውን አለ፣ ያለውን የለም ሲሉ የገሠጽሁ ሰው ነኝ። ያስመለሰውንም ሆነ ከጓሮ የቀበርሁትን አልነገርኋትም። ያፈርሁት ከሐኪሟ አልነበረም። እሺ ሰጥቼዋለሁ ብል ለምን ሰጡት ትለኛለች፤ የዚያ መልስ ደግሞ ወደ ሌላ ክፍል፣ ወደ ሌላ አልጋ የሚወስድ ነበር።

ዳሌውን ስትነካው አቃሰተ። «አጥንቱ ነው፤ ከእርጅና ነው» አለች። ወደ መደርደሪያው ሄዳ አንዲት ጠርሙስ አወረደች፤ በመርፌም ቀዳች። «ለሥቃዩ ማስታገሻ እወጋዋለሁ። ሆዱ ደህና ከሆነ ይረዳዋል።»

ሰዓቴን አየሁ። ለምን እንዳየሁት አላውቅም፤ የዚያን ዘመን ልማድ ነው። መርፌውን ወደ ጭኑ ስታቀርብ ውሻው እኔን እያየ ነበር።

«ቆዩ» አልኋት። «ሆዱ ደህና አይደለም።»

ቀና አለች።

«ያስመልሰዋል። ዐይነ ምድሩ ጥቁር ነው። እኔ ነኝ ይህን ያደረግሁት። የጉልበቴን ኪኒን ስሰጠው ሦስት ሳምንት ሆኖኛል።»

መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ምን ያህል ይሰጡት ነበር?» አለችኝ። ደብተሩን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ሲሶ፣ ሲሶ፣ ግማሽ፣ ሙሉ፤ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ከዚያ አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች።

«ይህኛውስ የማን ነው?»

«የሌላ ሰው።»

ገጹን መለሰችው። «ከምግብ በፊት ነበር ወይስ በኋላ የሚሰጡት?»

«በፊት። ጾም ስለ ሆነ።»

ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው። «አባቴ፣ ውሻ ትንሽ ሰው አይደለም። እርስዎ የሚችሉትን ኪኒን የእሱ ሰውነት አይችለውም፤ ሲሶውም ቢሆን ይጎዳዋል። በባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጨጓራው ቆስሎ እየደማ ነው። ይህ መርፌም ከኪኒንዎ ጋር አንድ ዐይነት ነው። ዝም ብለውኝ ቢሆን ኖሮ…» አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም።

ጉሉኮስ ሰቀለችለት፤ ለጨጓራው ሌላ መድኃኒት ሰጠችው። ኩላሊቱ መጎዳት አለመጎዳቱን ለማወቅ ለሦስት ቀን በየቀኑ እንዳመጣው አዘዘችኝ።

«ይድናል?» አልኋት።

«ሊሞት ይችላል። ዛሬ ስለነገሩኝ ግን ዕድል አለው።» ከዚያ የሚበላውን ነገረችኝ፤ የተቀቀለ ሩዝና እንቁላል፣ ጥቂት ጥቂት፣ በቀን አራት ጊዜ።

«ጾም ነው» አልሁ ሳላስበው።

«እሱ አይጾምም» አለችኝ። ልወጣ ስል ደግሞ ጠራችኝ። «ያንን ኪኒን የወሰደ ሌላ እንስሳ በቤትዎ አለ? በተለይ ድመት ከሆነች አንዷም ትገድላታለች።»

ባጃጁ ወደ ሰፈር እስኪደርስ ድረስ የድመቷን ነፍስ በእጄ የያዝሁ ያህል ተሰማኝ። ውሻውን በረንዳው ላይ አስተኝቼ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

«መምህር? ምን ሆኑ? ይግቡ!»

«ድመቷ ደህና ናት?»

«እሷማ ምን ትሆናለች። ያቻት ከፀሐዩ ላይ።»

«ኪኒኑን ሰጧት?»

ጎረቤቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ልሰጣት ስል ቧጨረችኝ። ታዲያ ምን ላድርገው? እኔው ዋጥሁት። ጉልበቴ ለአራት ቀን ሸጋ ሆኖልኝ ነበር፤ ሌላም ልጠይቅዎ አስቤ አፈርሁ።»

መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። ውሻውን መርዤዋለሁ፤ ሳላውቅ ነው አልኋት። በአጥሩ ላይ የሰጠኋት ለድመቷ ሞት ይሆን እንደ ነበረም ነገርኋት። ከዚያ ያመጣኝን ሌላ ጉዳይ ጠየቅሁ።

«እንቁላል አለዎት?»

«እንቁላል? በዐቢይ ጾም? መምህር!»

«ለውሻው ነው። ሐኪሟ አዝዛለታለች።»

«እህ፤ ሁሉም ለውሻው ነው ይላል» ብላ ሳቀች። እኔ እንዳልሳቅሁ ስታይ ግን አጠገቤ ተቀመጠች። «ምነው? ውሻ ነው እኮ፤ ደግሞም ዕድሜውን ጠግቧል። ይህን ያህል ምን አስጨነቀዎ?»

ያን ጊዜ ነገርኋት። ስለ ሰንጠረዡ፣ ስለ ስምንት ሰዓቱ፣ ስለ ግድግዳው፣ ወደ ወንዝ ስለ መውረዴ። «ለእሷ የከለከልሁትን ለውሻዋ ላለመከልከል ነበር» አልኋት። ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ፤ ይህን ያህል ተከታትሎ ሲወጣ ሰምቼው ስለማላውቅ ይሆናል።

ጎረቤቴ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«ወደ ቀሐ የወረዱ ቀን ነው?»

«አዎን።»

«በመስኮቱ ጠራችኝ» አለች ቀስ ብላ። «ለወገቤ የታዘዘልኝ ኪኒን ያን ጊዜ ነበረኝ። አንድ ስጪኝ አለችኝ፤ ሰጠኋት። በውኃ ዋጠችውና ጥቂት ቆይቶ ለቀቃት። እንዳትነግሪው አለችኝ። ምን ይሉኛል ብለሽ ነው ብላት፣ ‹ሰንጠረዡ ይበላሽበታል› አለች። ሳቀች እኮ፣ መምህር! በዚያ ሕመም ላይ ሆና ሳቀች።»

እጄ ወደ ኪሴ፣ ወደ ደብተሩ ሄደ።

«በወሩ ስትሞት፣ በእኔ ኪኒን ይሆን ብዬ ተብሰለሰልሁ» አለች። «ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁትም። ከአጥሩ ማዶ የማሽሟጥጠው እርስዎ ቀድመው ያወቁብኝ መስሎኝ፣ ፊትዎን ልመረምር ነው።»

ያ ኪኒን ከእሷ መድኃኒት ጋር ተስማምቶ እንደ ሆነ፣ ጎድቷት እንደ ሆነ የማውቀው ነገር የለም፤ ማንም አሁን ሊያውቀው አይችልም። ከሐኪሟ ከሰማሁት በኋላ፣ በሰፈራችን ከቤት ቤት የሚዞረውን ያን ደግነት እንደ ድሮው ላየው አልችልም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። «አሁን ይለፈኝ» ያለችኝ ተቀይማኝ አልነበረም። ሥቃዩ ለቅቋት ነበር፤ ኪኒን በኪኒን ላይ መደረቡንም ፈርታ ነበር። የእኔን ሰንጠረዥ ሳታፈርስ ራሷን አሳርፋለች። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አሳስቼ አንብቤአለሁ፤ አንባቢነት ሙያዬ ሆኖ ሳለ።

ጎረቤቴ ሦስት እንቁላል በሳህን አድርጋ እስከ በራፌ ሸኘችኝ። ሳህኑን አልሸፈንሁትም። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሁለት ሴቶች እንቁላሉን አይተው፣ እኔን አይተው፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ለውሻው ነው፤ ታሞብኝ ነው» አልኋቸው። ከዚያ በፊት ለማንም እንዲህ ያለ ማብራሪያ ሰጥቼ አላውቅም።

በመጀመሪያው ቀን አልበላም። በሁለተኛው ቀን ከጣቴ ላይ ጥቂት እንቁላል ላሰ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ኩላሊቱ መትረፉን ነገረችኝ። አሁን ለዕድሜውና ለዘሩ የሚስማማ መድኃኒት ታዝዞለታል፤ የምሰጠውም ከበላ በኋላ ነው። ከእንግዲህ አይዘልም፤ ጠዋት ጠዋት አሁንም ይቸገራል። ያን ጊዜ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ወገቡ ላይ አድርጌ አጠገቡ እቀመጣለሁ። መኝታውንም ከበረንዳው ወደ ውስጥ፣ ባለቤቴ ትተኛበት ወደነበረው ክፍል አዛውሬዋለሁ።

ከጣቴ ላይ እንቁላል የላሰ ዕለት ደብተሩን ገልጬ ወደ እሷ ገጽ ተመለስሁ። በዚያ ቀን መስመር ላይ፣ በሁለት ሰዓትና በዐሥር ሰዓት መካከል ሳጥን አልነበረም። በማስመሪያ አዲስ ሳጥን ሠራሁና በጥንቃቄ ጻፍሁበት፤ «ከስምንት ሰዓት በኋላ፤ አንድ። ጎረቤት ሰጠች።»